የየሺ ሁለተኛ ፈተና

ሰሞኑን ከልጄ ልጅ ከሜሮን ክፍል በግድግዳው በኩል የሚመጣው ድምፅ ዕረፍት ነስቶኛል። ጮክ ብላ አይደለም የምታነበው፤ ታጉረመርማለች። የመድኃኒት ስም ትጠራለች፣ ትሳሳታለች፣ "ውይ!" ትላለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ነርስ ለመሆን ዓመታት ተምራ፣ ጥቁር ጋዋን ለብሳ፣ እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሎላት ከተመረቀች በኋላ የሙያ ፈቃዱን ፈተና ወደቀች። የወደቀችው ለጥቂት ነው፤ ለጥቂት ሲሆን ደግሞ የበለጠ ያንገበግባል። እናቷ፣ ልጄ አስቴር፣ "ስልኩን አስቀምጪና አጥኚ!" ትላታለች፤ ልጅቷ ደግሞ የምታጠናው በስልኩ ነው። ደረጃ ላይ የሚያገኟት ጎረቤቶች "ፈተናው እንዴት ሆነልሽ?" እያሉ ስለሚያስጨንቋት ዳቦ ለመግዛት እንኳን መውረድ ትታለች። እኔም ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቼ ምስሉን ብቻ አያለሁ። ጆሮዬ ያለው ግድግዳው ዘንድ ነው።

ያ ማጉረምረም ለእኔ አዲስ አይደለም። እዚሁ ልደታ፣ ዛሬ እነዚህ ፎቆች በተደረደሩበት ቦታ፣ የጭቃ ቤቶች እርስ በርስ ተደጋግፈው በቆሙበት ዘመን፣ ታናሽ እህቴ የሺ አንድ ክረምት ሙሉ እንዲሁ ስታጉረመርም አዳምጫለሁ። ሰፈሩን ያላየ ሰው አሁን ቢነግሩት አይገባውም። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጀምሮ ወደ ሰንጋ ተራ የሚወስደው መንገድ በክረምት ጭቃው ጫማ ይነጥቅ ነበር። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት ትንንሽ ታክሲዎች ዳገቱ ላይ ሲያቃስቱ ከሩቅ ይሰማሉ። እኔ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቼ፣ ከአንድ ጡረተኛ የገዛኋትን የጽሕፈት መኪና ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ለባለጉዳይ አቤቱታ እጽፋለሁ። በስሙኒ ሻይና ቦምቦሊኖ ተቀምሶ መልስ የሚገኝበት ጊዜ ነበር። ቦምቦሊኖው ትኩስ ነው፤ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ዘይት ጠጥቶ ጽሑፉ ከፊትም ከኋላም ይነበባል። ወጣቶቹ ሱሪያቸው ከታች ሰፍቶ መንገድ ይጠርጋል፤ ፀጉራቸው በበር አያስገባም። የሺም ከሰፈሩ ሁሉ የሚበልጥ ጎፈሬ ነበራት። የነርስነት ትምህርት ቤት ስትገባ ያቺን ነጭ ቆብ ጎፈሬዋ ላይ ለማስቀመጥ የፒን ዓይነት አይቀራትም፤ ቆቧም እንደ ወፍ ለመብረር የተዘጋጀች ትመስላለች። ነጭ ጫማዋን ማታ ማታ በውኃ በተበጠበጠ ጠመኔ ትቀባና በር ላይ ታሰጣዋለች። ጠዋት ወጥታ ስትሄድ ዱካዋ ነጭ ነጭ ይቀራል።

የመጨረሻውን ፈተና ያለፉት ተማሪዎች ስም የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት የሺ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። እኔ አንዲት የወሰን ክርክር ያለባቸው አሮጊት የሚሉኝን እየጻፍኩ ነበር። ሰላም ሳትለኝ ከጃንጥላዬ ጠርዝ ሥር ቆመች። ሥራዬን እስክጨርስ የምትጠብቅ መሰለኝ። አሮጊቷ ጣታቸውን አጥቅሰው ፈርመው ከሄዱ በኋላ ነው ድምፅ ያወጣችው።

"ጋሼ፣ የለሁበትም።"

"ምኑ ላይ?"

"ግድግዳው ላይ።"

ሻይ ጠራሁላት፤ ሳትጠጣው ቀዘቀዘ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ጎበዝ መሆኗን ነው። ሰው ስታስታምም እጇ አይከብድም፤ መርፌዋን የተወጋ ሰው "ወጋሽኝ እንዴ?" ብሎ ይጠይቃታል። ወረቀት ላይ ግን የአቅሟን ያህል አልሆነላትም። ድጋሚ የሚፈተኑት ክረምቱ ሲወጣ እንደሆነ ተነገራት።

የሺ ያን ጊዜ የምትኖረው ከእኔ ጋር፣ እትዬ ዘውዴ ከሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴትዮ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። አባታችን ሰላሌ ናቸው፤ ለልጃቸው አንድ የታወቀ ባለመሬት አስበውላት፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ ብለው በግድ የታገሡ ሰው ናቸው። መውደቋን የሰሙ እንደሆነ ምን እንደሚከተል ሁለታችንም እናውቃለን። ደግነቱ ክረምት ነበር፤ ፍርድ ቤት ሲዘጋ የእኔም ሥራ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ እኔ ጠያቂ፣ እሷ መላሽ ሆነን ተቀመጥን። እንግሊዝኛዬ የአሥረኛ ክፍል ነው፤ አጥንቱንም ጅማቱንም እንደ ጸሎት ሳይገባኝ አነበንበው ጀመር። በግቢው ብቸኛውን ሬዲዮ የያዙት እትዬ ዘውዴ ነበሩ። ከቀትር በኋላ ዘፈን የሚለቀቅበትን ሰዓት እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁት ነበር። ለየሺ ሲሉ ግን ያን ክረምት ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ለጥፈው በሹክሹክታ ነው ያዳመጡት። ከዚያም አልፈው ለፋሻ መለማመጃ ክንዳቸውን ሰጧት። አንድ ቀን ከትከሻ እስከ ጣት ጠቅልላቸው ሳትፈታ እሳቸው ስኳር ሊገዙ ወጡ። ሲመለሱ የሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "እንዴት ወደቁ?" እያሉ ተከትለዋቸው መጡ። እትዬ ዘውዴም ሳያፍሩ "እኔ ምን ወደቅሁ! የወደቀችው የሺ ናት" ብለው ቁጭ። የሺ ያን ጊዜ ከልቧ ሳቀች። በዚያ ክረምት ስትስቅ የማስታውሳት ያን ቀን ብቻ ነው።

አጥንቱንም መድኃኒቱንም ቶሎ ያዘችው። ያስቸገራት አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበር። በየመልኩ ይመጣል፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው። አውቶቡስ ተገልብጦ ቁስለኞች በአንድ ጊዜ መጡ፤ አንዱ እጁ ተሰብሮ ይጮኻል፣ አንዱ ከእግሩ ደም ይፈሰዋል፣ አንዱ ጭንቅላቱ ተጎድቶ ትንፋሹ ሊቆም ነው። አንቺ ብቻሽን ነሽ። መጀመሪያ ወደ የትኛው ትሄጃለሽ?

"ትንፋሹ ሊቆም ወደ ደረሰው" ትላለች የሺ።

"ተሳሳትሽ። ደም የሚፈሰው ነው። ትንፋሹ ሊቆም የደረሰው ብትደርሺለትም አይተርፍም ይላል መጽሐፉ።"

"ሊሞት ያለውን ሰው ጥዬው ልሂድ?"

"የሚድነውን እንድታድኚ ነው።"

"እሱስ ዓይኑን ገልጦ ሲያየኝ?"

"የሺ፣ ፈተና ነው። ወረቀት ነው እኮ!"

"ወረቀት ላይ ያለውስ ሰውዬ እናት የለውም?"

መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከደጃፉ ሥር ቆሜ ሳስበው ሁለታችንም ትክክል የሆንን መሰለኝ፤ ግን ማርክ የሚሰጡት ለአንዱ ብቻ ነው። ተመልሼ ገባሁ። በማግስቱም፣ በሳልስቱም ያንኑ ጥያቄ መልኩን እየለዋወጥኩ ጠየቅኋት። አንዴ እሳት ቃጠሎ፣ አንዴ የሕንፃ መደርመስ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ትከራከራለች፤ ከዚያ ዝም ብላ ታስባለች፤ በኋላ በኋላ ጫማዋን እያሰረች ቀና ሳትል "ደም የሚፈሰው" ትለኝ ጀመር። ተደሰትኩ። እሷን ደስ ሲላት ግን አላስታውስም።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ አባታችን መጡ። ቡናማ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ በእኔ አልጋ ላይ ተቀመጡ። ምግብ ቀረበላቸው፤ እጃቸውን ታጥበው ሳይቆርሱ ጀመሩ።

"የሺዬ፣ እንግዲህ ይብቃሽ። ሰውየው እስካሁን ታገሠ። ጨዋ ነው። መማርሽን ይወዳል እንጂ አይጠላም።"

"አባዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሡኝ" አለች፤ መሬት መሬቱን እያየች።

"ሁለተኛ ብትወድቂስ?"

"ከወደቅሁ እርስዎ እንዳሉ።"

አባታችን ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ ምን ትላለህ? ትልቁ አንተ ነህ።"

"ታልፋለች" አልኩ። ያልኩት እምነቱ ኖሮኝ ሳይሆን ፊቷን አይቼ ነው። አባታችንም ቆረሱ። ሲሄዱ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘናቸው፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው የየሺን ጎፈሬ እንደ ልጅነቷ ዳበሱት።

አለፈች። በአደይ አበባ ወራት ነው፤ እትዬ ዘውዴ እልልታውን ሲያቀልጡት ከልደታ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ምዕመናን ሠርግ መስሏቸው ወደ ግቢው አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። ሬዲዮው እስከ ጥግ ተከፈተ። ያን ሰሞን ሁሉም የሚያንጎራጉረው አንድ የትዝታ ዜማ ነበር፤ እትዬ ዘውዴ ትከሻቸውን እየሰበቁ የሺን መሀል አስገብተው አስጨፈሯት። ባለመሬቱም ሌላ አገባ። ጥቂት ቆይቶ የሺ የተመደበችበትን ሰማን። ዝናብ የቀረበት ዘመን ነበር። ወደ ሰሜን፣ የተራቡ ሰዎች የሚሰበሰቡበት መጠለያ ውስጥ ነው ምድቧ። አዲስ የተሰፋ ነጭ ጋዋንና የቆርቆሮ ሻንጣ ይዛ ሄደች። ሽሮና በሶ ጭኜላት ነበር፤ መንገድ ላይ ለሰው ሰጥታ ባዶ እጇን እንደደረሰች በኋላ ከሌላ ሰው ሰማሁ።

ከዚያ ስትመለስ አላወቅኋትም። አውቶቡስ ተራ ቆሜ ጎፈሬዋን ስፈልግ ፀጉሯን ከሥሩ የተላጨች አንዲት ቀጭን ሴት "ጋሼ" ብላ ክንዴን ነካችኝ። እትዬ ዘውዴ በግ አሳርደው ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ነበር። ሰው ያው ሰው ነው፤ ገና ሳትቀመጥ ይጠይቃታል። እውነት እንደሚባለው ነው? ስንት ሰው ነው ያለው? አንቺስ እንዴት ቻልሽው? "ደህና ነው" ትላለች ለሁሉም። ምግቡ ሲቀርብ ዞር ስል የለችም። ጓሮ ወጥቼ ሳይ እንግዶቹ ገና ያልበሉበትን ሳህን ታጥባለች። የታጠበውን እንደገና ታጥባለች።

ወደ ሥራ ስትመለስ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ከሰው አካል የሚያርቃትን ቦታ። እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል አስገቧት። አባታችን "ለዚህ ነው ያን ሁሉ የለፋሽው?" ብለው እስኪሞቱ ተቆጩ። እኔም አልገባኝም ነበር። እሷ ግን ካርድ ክፍሉን ወደደችው። በመስኮቷ ፊት ሰው ይሰለፋል፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል። ባለሥልጣን ይምጣ ዘመድ "ተራህን ጠብቅ" ትላለች፤ በዚህ ምክንያት ስንት ሰው ሰደባት መሰላችሁ። አላገባችም። እኔ ሳገባና አስቴርን ስወልድ ልጅቷን ካሳደጓት አንዷ እሷ ነበረች።

የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዓመታት አልፈው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ነጠላዋን እንደተከናነበች ወደ ሰንጋ ተራ በእግራችን እንሄዳለን። እኔ ስለ አስቴር ትምህርት አወራለሁ። ድንገት አቋረጠችኝ።

"ጠዋት ጠዋት በረድፍ ያስቀምጧቸዋል" አለች። ስለዚያ የሰሜን መጠለያ እንደምታወራ ቆይቶ ነው የገባኝ። "ምግቡ ለሁሉም አይበቃም፤ ስለዚህ የሚገቡት ሕፃናት ይመረጣሉ። የምመርጠው እኔ ነበርኩ። በመካከላቸው አልፋለሁ። ገና ብርታት ያላቸውንም፣ በጣም የደከሙትንም አልፋለሁ። ስናበላው የሚተርፈውን ነው የማነሣው።"

"የሺዬ…"

"እናቶቹ ቶሎ ገባቸው፣ ጋሼ። መጀመሪያ ሰሞን የደከመውን ልጅ ከፊት ያስቀምጡልኝ ነበር፤ ላዝንለት መስሏቸው። በኋላ ግን ማንን እንደማነሣ አዩ። አንዷ እኔ ስመጣ ልጇን ጉንጩን ስትቆነጥጠው አየኋት። ቀይ እንዲል። ነፍስ ያለው እንዲመስልልኝ።"

ቆምኩ። እሷም ቆመች። አንድ ሚኒባስ ረዳቱ በመስኮት ተንጠልጥሎ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያለ በአጠገባችን አለፈ።

"አነሣሽው?" አልኳት።

"አልፌው ሄድኩ።" ነጠላዋን አስተካከለች። "መልሱን አውቀው ነበር፣ ጋሼ። አንድ ቀን እንኳን አልተሳሳትኩም።"

ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና ሳይዘንብ እንድረስ አልኳት፤ ደረስን፤ ያ ወሬ እዚያው ቀረ። ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ፣ እትዬ ዘውዴም ዳር ወዳለ ሰፈር ሄደው እዚያው ሲሞቱ፣ የሺ ከእኛ ጋር እዚህ ፎቅ ገባች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደረቷን ሲያማት ወደ ድሮ ጤና ጣቢያዋ ወስደናት፣ የሚያውቋት የድሮ የሥራ ባልደረቦቿ ቶሎ ሊያስገቧት ሲሯሯጡ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጡትን በእጇ አሳይታ "ከእኔ በፊት የመጡ አሉ" አለች። ለምነን ለምነን፣ ተራዋ ሲደርስ ነው የገባችው። ከዚያ ብዙ አልቆየችም። ልደታ ማርያም ተቀበረች። ለሜሮን፣ ጥብቅ የካርድ ክፍል ሠራተኛ የነበረች የእናቷ አክስት ናት፤ ከዚህ የበለጠ የምታውቀው የለም።

ይህን ሁሉ እያስታወስኩ ሰነበትኩ፤ ሜሮንም በዚህ ሁለተኛ ሙከራዋ አለፈች። ውጤቱ የታየው በዚያው በስልኩ ነው። አስቴር ደረጃው ላይ ወጥታ እልል አለች፤ ጎረቤቶች በየበራቸው ብቅ ብለው ተቀበሏት። እኔ "እንኳን ደስ ያለሽ" ብዬ ግንባሯን ሳምኳት። "አባባ፣ ደስ አላለህም እንዴ?" አለችኝ። "ብሎኛል" አልኳት፤ ከልቤ ነው፤ ግን ሄጄ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ሥራ ስትፈልግ ወራት ባከኑባት። ፈቃዱን ይዛ ስንት ደጅ ጠናች፤ ልምድ ያለው ይሏታል፣ ቆይተን እንደውላለን ይሏታል። በመጨረሻ አንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል የአዳር ተረኛ አድርጎ ቀጠራት። ያን ቀን ስትወጣ ነጭ ስኒከሯን ደጋግማ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲወርድ እሷ ደረጃውን ወጣች። እናቷ ቀድማ ወጥታ ነበር። ሜሮን በሩን ከፍታ ገባችና ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ቁርስ ላቅርብልሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ ጭንቅላቷን በእምቢታ ነቀነቀች። ፊቷን አየሁት። ደክሟት ብቻ አይደለም። ዓይኗ እኔን አልፎ ግድግዳውን ያያል።

በልቤ "ትተኛ፣ ይለፍላታል" አልኩ። ከዚያ ግን ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ሌላ በርጩማ ጎትቼ፣ ጉልበቴ እያቃሰተ፣ ጉልበቷ ከጉልበቴ እስኪነካካ ድረስ ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ሁለት እጇን ያዝኳቸው። የሳኒታይዘር ሽታ አላቸው፤ ቀዝቅዘዋል።

"ምንም የለም፣ አባባ" አለች።

"አለ" አልኳት። "እኔ የትም አልሄድም። ንገሪኝ።"

ከታች ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ይመታሉ። እጇን ከእጄ ሳታወጣ፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ እንደያዘች፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግረኝ ጀመር።